ፈረስ ፍለጋ በቪትዝ

ወዳጄ የቪትዙን ሞተር ኮምፒውተር ፕሮግራም ሊያስቀይር ቆርጧል። መኪናዋ ቱርቦ የላትም፤ ባለ 1 ሊትር ሞተሯ ከፋብሪካ የወጣው 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው። ባለሙያው ቢሳካለት አምስት ፈረስ ቢጨምርላት ነው። ቱርቦ ቢኖራት የአየሩን ግፊት ከፍ ያደርግ ነበር፤ ያለዚያ የነዳጁን መጠንና የካንዴላውን የብልጭታ ሰዓት ከመነካካት አያልፍም።

አዲስ አበባ በበኩሏ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጣ፣ በስስ አየሯ የተነሳ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ወስዳለች፤ ያውም ያለ ደረሰኝ! ፈረስ ከፈለገ አዋሽ ድረስ ቁልቁል ይንዳት፤ ባለሙያው ከሚሰጠው የበለጠ በነፃ ይመለስለታል።

ቢያንስ ያን ጭቃ የመሰለ የአየር ማጣሪያ ቀይር ብለው፣ «እሱ ላይ ገንዘብ አላባክንም» አለኝ።