አያቃጥልም የተባለ ቃሪያ

ጉልት ላይ ከምሰማው ሁሉ እንደ «አያቃጥልም» የምጠረጥረው ቃል የለም። ሎሚው «ውኃ አለው» ከተባልኩ ጨመቅ አድርጌ አየዋለሁ። አቮካዶው «ለነገ ይደርሳል» ከተባለም ነገ ሩቅ አይደለም። ቃሪያ ግን በዓይንም በጣትም አይታወቅም። ከአንድ እግር የተለቀሙ ሁለት እህትማማቾች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ቁመታቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። አንደኛዋን ከሽሮ ጋር እያጣጣምክ ትጨርሳታለህ፤ ሁለተኛዋ በእንግዳ ፊት ታስለቅስሃለች። ተክሉ ውኃ ሲያጥረውና ሙቀት ሲበረታበት ፍሬው ማቃጠሉ ይብሳል። ባለጉልቷ ደግሞ የማሳውን ዝናብ አልለካች፤ «የኔ ጌታ፣ እንደ ስኳር ነው» ብላ ብትመርቅልኝ ምን እፈርድባታለሁ!

በኛ ቤት የቃሪያ ዳኛ አክስቴ ናቸው። ችሎታቸውን የሚጠራጠር የለም። ዛላ በርበሬ ሲገዙ ከማዳበሪያው መሐል አንዱን መዘው ጆሯቸው ሥር ያንኮሻኩሹታል፣ ይሰብሩታል፣ ያሸቱታል፤ ከዚያ «ይሄ እርጥበት ጠጥቷል» ብለው ነጋዴውን በላብ ያጠምቁታል። የማረቆን በርበሬ በጠቆረ ቅላቱ ይለያሉ። ቃሪያ ላይ ግን ፍርዳቸው ይግባኝ ያሻዋል። ጫፏን በፊት ጥርሳቸው ቆንጠር ያደርጉና «ሰነፍ ናት፣ ብላ!» ይላሉ። የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚሉት፣ የሚመነጨው ዘሩ ከተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚበዛው ጫፏ ላይ ሳይሆን በእንጨቷ በኩል ነው። እሳቸው ጫፉን ቀምሰው ይፈርዳሉ፣ ቅጣቱን የምቀበለው እኔ። ስንግ ሲሠሩም ዘሩን በማንኪያ ጫፍ ጠራርገው ያወጡና ነጩን ጅማት ይተዉታል። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ሞልተው ሲያበቁ «ምኑ ያቃጥላችኋል? ዘሩን ጥዬዋለሁ» ይላሉ። ምስኪን ዘር፣ በሌላ ወንጀል ተቀጣ።

ዊልበር ስኮቪል የሚባል አሜሪካዊ ፋርማሲስት በ1912 እ.ኤ.አ. ለዚህ ነገር መለኪያ አበጅቶ ነበር። የበርበሬውን ንጥር በስኳር ውኃ ያቀጥነዋል፤ ቀማሾቹ «አሁንስ አይሰማንም» እስኪሉ ድረስ ያቀጥነዋል። የፈረንጅ ቃሪያ በዚህ መለኪያ ዜሮ ነው። የአክስቴ መለኪያ አጭር ነው፦ «ለልጅ ይሆናል»፣ «ለጎልማሳ ይሆናል»፣ «ለአማች ነው»።

አፍ ሲነድ ሁሉም ሰው ወደ ውኃ ይሮጣል። ካፕሳይሲን ግን በውኃ አይሟሟም፤ ውኃው እሳቱን ላልደረሰው ጥግ ያዳርሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያበርደው ወተት ነው። ክትፎን ከአይብ ጋር ያቀረቡ ሰዎች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል፤ ሚጥሚጣው ሲያነድ አይቡ አጠገቡ ቆሟል። ጾም ላይ ነው ጉዱ። ስንጉ አለ፣ ወተቱ የለም። ረቡዕ የነደደ ምላስ ሐሙስን ይጠብቃል።

ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥተ ሳባን ያጠመዳት ቅመም የበዛበት፣ የሚያስጠማ ማዕድ አቅርቦ፣ ሌሊት ውኃ ስትጠጣ በመያዝ ነው። ቅመሙ ምንም ይሁን ምን በርበሬ ሊሆን አይችልም። በርበሬም ቃሪያም ሚጥሚጣም አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ባሕር የተሻገሩት ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ካቀና በኋላ ነው። በርበሬ ቢሆን ኖሮማ ንግሥቲቱ ውኃው እንዳላበረደላት ስታውቅ ወተት ታዝ ነበር፤ ስንት የታሪክ መጽሐፍ ይቀርልን ነበር! ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ተቆጡ። «ዶሮ ወጥ በምን ይቀላ ነበር ታዲያ?» አሉኝ። ኮረሪማ ግን የገዛ ጫካችን ፍሬ መሆኑን ስጨምርላቸው ትንሽ ተጽናኑ።

መጽናናታቸውን አይቼ ቀጠልኩ። ቃሪያ በዕፀዋት አዋቂዎች ዘንድ ፍራፍሬ ነው፤ ቲማቲምም እንዲሁ። የሚያቃጥለው ዘሩን በጥርሱ የሚያደቅቅ እንስሳ እንዳይቀርበው ነው። ወፍ ማቃጠሉ አይሰማትም፤ ዘሩን ሳታኝክ ውጣ ራቅ አድርጋ ትጥልለታለች። ማዕዱ የተዘረጋው ለወፍ ነው፣ እኛ ሳንጠራ የተገኘን ነን አልኳቸው።

አክስቴ እጃቸው ከስንጉ ሳይነሣ አዳመጡኝ።

«ፍራፍሬ ከሆነማ» አሉ፣ «ነገ ያን የታመመ ጎረቤታችንን ስትጠይቀው በብርቱካን ፈንታ አንድ ኪሎ ቃሪያ ይዘህለት ሂድ።»