በገዛ ፈቃዴ

በአገራችን ፋብሪካ ሲቸግረው ሠራተኛ አይቀንስም። ሠራተኛው ራሱ አዝኖለት፣ በገዛ ፈቃዱ ይለቃል። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ ወዛደር ሌላ አገር አለ ቢባል አላምንም።

በቀደም ጎረቤቴ እንዳነብላት ያመጣችው ወረቀት «ባጋጠመኝ የግል ችግር ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፍቃዴ የለቀኩ መሆኑን» ይላል። በኮምፒውተር የተተየበ ነው፤ በእስክሪብቶ የተሞላው ስሟ ብቻ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልኝ የመጀመሪያው አይደለም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

አሠሪዎቹን ግን እረዳቸዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጨካኝ ነው። ቅነሳ ካለ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ተመካከር ይላል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ስጥ ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለየተከታዩ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ በላዩ የ60 ቀን ክፈል ይላል። በወር 6,000 ብር እያገኘች አራት ዓመት የሰፋች ልጅ፣ ማስጠንቀቂያው በገንዘብ ታስቦ፣ 36,000 ብር ገደማ ይደርሳታል። «በገዛ ፍቃዴ» ስትል ግን ስንብቱም ማስጠንቀቂያውም ዜሮ። አንድ ፊርማ ይህን ሁሉ ካዳነ ምን ይወጣለታል!

ከሁሉ የሚደንቀው ስምምነቱ ነው። የጎረቤቴ ፋብሪካ የስፌት ክፍል በሙሉ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ዓይነት የግል ችግር ገጠመው። እርጉዟም፣ ሊያገባ ሽር ጉድ የሚለውም፣ በር ጠባቂውም። የሁሉም ችግር በአንድ ፊደል ቅርፅ ተተይቦ፣ የሁሉም ፈቃድ «ፍቃድ» ተብሎ ተጽፎ፣ ሁሉም «የለቀኩ»። የሰፈራችን እድር ድንኳን ለመግዛት ስንት ወር ተጨቃጨቀ! ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገር ለማግባባት የሚደክመው የምክክር ኮሚሽንም ሰው ልኮ ከዚህ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ቢማር አይከፋም። ቃለ ጉባኤ የለ፣ አበል የለ፣ የሐሳብ ልዩነት የለ። ምሥጢሩ ከተጠየቀ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «እህቴ፣ የሥራ ልምድ የምትፈልጊ ከሆነ ፈርሚ።»

ይህ ስርቆት ነው። የሥራ ልምድ ወረቀት አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ ያለበት እንጂ ለፊርማ የሚያዝ መያዣ አይደለም። ልጅቷ ደግሞ የቤት ኪራይ አለባት፤ ሥራ ክርክር ችሎት የምትመላለስበት የታክሲ ከየት ታመጣለች? ይህን አውቀው ነው የሚያስፈርሟት።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። አንድ ውለታ ቀርቶኛል። በሕጉ መሠረት በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊካስ የሚገባው አሠሪው ነው። እንግዲህ ጎረቤቴ በዚያው ቀን በመልቀቋ ባለዕዳ ናት ማለት ነው! ድርጅቱ ግን ሆደ ሰፊ ነውና አልከሰሳትም። ለዚህ ቸርነቱ የሚገባው ምስጋናም የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሰፍሯል፤ እሱንም ራሳቸው ተይበውላታል።