ሽቦውን ጠምዝዘው ለምትሉኝ

እንግሊዝ አገር በቫን የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን ተጎታች ያስፈልገዋል። ገበያ ላይ ምግብ የሚሸጠውም፣ ዕቃ የሚያጓጉዘውም፣ የሰው ጓሮ የሚያጸዳውም ቫኑ ሲጠበው ከኋላ ጋንቾ ለመግጠም ያስባል። ማሰቡ ከተሰማ ደግሞ መካሪ አያጣም። እኔ ጋንቾውንም መብራቱንም በእጄ ስለገጠምኩ ምክሩ ሁሉ ደርሶኛል። መልሱ ይኸውላችሁ።

«ጋንቾ ማለት ብረት ነው፤ በያጅ ፈልግና አስበይደው።»

ወንድም ዓለም፣ የሚጎተተው 2 ቶን እንጂ ፍየል አይደለም! ተፈትኖ የተፈቀደ ጋንቾ ላይ አንዲት ሳህን አለች፤ እሷም ላይ «ዲ» የሚባል ቁጥር ተጽፏል። የቫኑን ሙሉ ክብደት በተጎታቹ ሙሉ ክብደት አባዛ፣ ለድምራቸው አካፍል፣ የመጣውን በ9.81 አባዛ። 3 ቶን የሆነ ቫን 2 ቶን ቢጎትት 11.8 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ሳህኑ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ካነሰ አትግዛው። ያንተ በያጅ ስንት ብሎ ይጽፍልሃል?

«ብሎን ብሎን ነው። ከሳጥንህ ያገኘኸውን ምታበት።»

ጭንቅላቱን አንብበው እንጂ! 8.8 ከሚለው ብሎን የሚጠበቀው በየካሬ ሚሊሜትሩ 800 ኒውተን እስኪደርስ አለመበጠስ ነው፤ በ80 በመቶው፣ ማለትም 640 ላይ ግን ተለጥጦ ይቀራል፣ ወደ ልኩ አይመለስም። 10.9 የሚለው ከዚያ ይበረታል። ከጋንቾው ጋር በካርቶን የመጣው ብሎን ተመርጦ የመጣ ነው። የብዙዎቹ ቫኖች ሻንሲም ቀዳዳው ከፋብሪካ ተዘጋጅቶለታል፤ መሰርሰሪያ ይዘህ የምትነሣበት ምክንያት የለም።

«እጄ ማጥበቅ ያውቃል፤ የቶርክ ቁልፍ የፈሪ ነው።»

እጅህ ጠዋት አንድ ነገር ያውቃል፣ ሲደክመው ሌላ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይደክመውም። ብረትና ብረት የሚገናኙበትን ቦታም ከወፍራም ቀለምና ከሥር ቅባት አጽዳው። ቀለሙ መሐል ከቀረ በጉዞ ይጨፈለቅና ያጠበቅከው ብሎን ይላላል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሥሩ ገብተህ በቁልፉ ድገመው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

«መብራቱ እኮ ሰባት ሽቦ ነው። የኋላ መብራቱን ገመድ ላጥ ላጥ አድርግና ጠምዝዘህ በፕላስተር ጠቅልለው።»

ሰባት መሆኑን ማወቅህ ደግ ነው። ስምንተኛው ያንተ ምክር ነው፤ እሱን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። እስቲ እንቁጠር፦ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ ሰማያዊው የኋላ የጉም መብራት፣ ነጩ ማሳ (ኃይሉ የሚመለስበት)፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ ቡናማው የቀኝ ፓርኪንግ፣ ቀዩ ፍሬን፣ ጥቁሩ የግራ ፓርኪንግ። ፍሬን ሲረገጥ ተጎታቹ ላይ ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል ተጨማሪ ይበራል። 42ን ለ12 ስታካፍለው 3.5 አምፔር ነው። የድሮ መኪና ይህን በትከሻው ይችለው ነበር። የዛሬው ቫን መብራት ግን በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው፤ ኮምፒውተሩም ለእያንዳንዱ አምፖል የሚሄደውን ኃይል ይለካል። ከለመደው በላይ ሲሳብበት ሽቦ የተነካካ ይመስለውና መስመሩን ይዘጋል። ያኔ የጠፋው የተጎታቹ መብራት ብቻ ላይሆን ይችላል።

መፍትሔው ባይፓስ ሪሌ ነው። ይህች ሣጥን ከቫኑ የመብራት ሽቦ የምትወስደው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ኃይሉን የምታመጣው ባትሪው አጠገብ በተቀመጠ የራሱ ፊውዝ በኩል በሚመጣ ሽቦ ነው። ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ጎማ ይገባለታል። ይኼ ጠምዝዞ ከመጠቅለል ግማሽ ቀን ይበልጣል፤ ግማሽ ቀኑ ደግሞ ከኋላዬ ለሚነዳው ሰው ይገባዋል፤ ፍሬን ስይዝ የሚያየው ያንን መብራት ብቻ ነው።

«ማሳውን ያገኘኸው ብረት ላይ እሰረው፤ መኪናው ሁሉ ብረት አይደል?»

ቀለም የተቀባ ብረት ለኤሌትሪክ ግድግዳ ነው። ማሳ ሲላላ ኃይሉ መመለሻ ፍለጋ በሌላ አምፖል ይዞራል፤ ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ስታሳይ ፓርኪንጉ አብሮ ይጠቅሳል። ከኋላ ያለው ሹፌር ወዴት ትዞራለህ ብሎ ይመን? ተልጦ የጸዳ ብረት፣ ሽቦው ጫፍ ላይ የተጨመቀ ቀለበት፣ ከላይ ቅባት። አለቀ።

አንድ ታላቅ ሰው ደግሞ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክም ለጋራዥ ብትሰጠውስ?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ጥሩ ጋራዥ ካለዎት ይስጡት፤ ሲመለስልዎ ግን ሥሩን ይዩት። እኔ የገጠምኩት ከኋላዬ የሚከተለኝ ክብደት የት ላይ እንደታሰረ በዓይኔ ለማወቅ ነው። የማልነካውንም አውቃለሁ። አዳዲሶቹ ቫኖች ጋንቾ እንደተገጠመላቸው በኮምፒውተር ሊነገራቸው ይገባል፤ ያኔ የኋላው የማቆሚያ ሴንሰር በተጎታቹ ላይ መጮኹን ይተዋል፣ ተጎታች ሲወዛወዝ የሚያረጋጋውም ሥርዓት ይነቃል። ያንን መሣሪያው ላለው ባለሙያ ከፍዬ አሠርቻለሁ።

«መንጃ ፈቃድህ አይፈቅድልህም!»

የሰማኸው ወሬ አርጅቷል። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ተጎታች መጎተት ተፈቅዷል። መንግሥት ፈቀደ ማለት ግን ቫኑ ፈቀደ ማለት አይደለም። የቫኑ ሳህን ላይ ሁለተኛው መስመር ቫኑና ተጎታቹ ተደምረው የማያልፉትን ክብደት ይናገራል። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች ደግሞ የራሱ ፍሬን ይኑረው።

የመጨረሻው ደግሞ ሳቅ እያለ መጣ፦ «ምን ይሄን ያህል አካበድከው? አገር ቤት እኮ በገመድ ነው የምንጎትተው!»

አዎ፣ በገመድ ነው። አገር ቤት በገመድ የሚጎተተው የተበላሸ መኪና ነው፤ ውስጡም መሪ የያዘ፣ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ተቀምጧል። ተጎታቹ ውስጥ ማን አለ? ማንም ስለሌለ ነው ባለ ፍሬኑ ተጎታች ከጋንቾው ቢላቀቅ የራሱን ፍሬን የሚስብለት ቀጭን የሽቦ ገመድ የተሠራለት። ገመድ ካልቀረብህ እሱን እሰር፤ የጋንቾው ኳስ አንገት ላይ ጣል አድርገህ ሳይሆን ጋንቾው ላይ ለእሱ በተዘጋጀው ቀዳዳ።