መንገዱ ማረሻ የለመነ ዕለት

በቢቸና በኩል፣ መረሬ አፈር ባለበት አገር፣ የአንድ ገበሬ ማሳዎች ሸንጎ ተቀመጡ አሉ። ወሩ ጥር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል፤ ጎተራው ግን ወገቡ ላይ ቀርቷል።

ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው አያ መንገድ ነበር። እርሱም ዱሮ ማሳ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው ቸኩሎ በመካከሉ አቋረጠ፣ ሌላው ፈለጉን ተከተለ፣ የገበያ አህያ ለመደው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ጥርጊያ ሆኖ ቀረ። የማያውቀው ሰው የለም። ሠርገኛው በእርሱ ያልፋል፣ ለቀስተኛው በእርሱ ያልፋል፣ በዚያው ሰሞን እንኳ ታቦት ለጥምቀት የወረደው በእርሱ ላይ ነው። «ታቦት ያለፈበትን ትተን ማንን ልንሾም ነው?» ተባለና ተጨበጨበ።

የስብሰባው ጉዳይ አንድ ነው፤ ዘሩ።

«ጥፋቱ የዘሩ ነው» አለ አያ መንገድ። «በየዓመቱ እኔ ላይ ይወድቃል፣ ወፍ ለቅሞት ይሄዳል። ጠንካራ ዘር ቢሆን ወፍ ይደፍረው ነበር?»

እመት ጭንጫ ተቀበለች። «እኔ ምስክር ነኝ! ከሁላችሁም ቀድማ አረንጓዴ የለበሰች ማን ናት? እልል ያለች ማን ናት? ፀሐይ ሲበረታ ድርቅ ብሎብኝ ነው እንጂ።» ስለ እርሷ ብዙ አልልም። በየጉባኤው ፊተኛው ወንበር ላይ ስለማትጠፋ አንባቢ ያውቃታል።

አያ ሰርዶ ደግሞ ጉልበቱን አስቆጠረ። ፍግ የጠገበ፣ ዝናብ የሚይዝ፣ ከማሳዎቹ ሁሉ የለማው እርሱ ነው። ይህ ሐሰት አልነበረም። ችግሩ ልማቱ ሁሉ ለሰርዶ መሆኑ ነው።

መልእክተኛ ተላከ። ገበሬው ሰማ፤ ክፉም ደግም ሳይናገር በሐምሌ ቁንጮ የሚባለውን ምርጥ ዘር ገዝቶ ዘራ። በታኅሣሥ የተሰበሰበው ያው ነበር። ሰባኪ ከሩቅ አስመጥቶ፣ ዘማሪ ቀይሮ፣ ድምፅ ማጉያ አሳድጎ እንደገና የሚያዝን ሰው ካያችሁ ይህን ዓመት አስታውሱ።

በሁለተኛው ሸንጎ ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ ጭድ ሲያመነዥክ የነበረው ቡሬ በሬ ጣልቃ ገባ። «ዘር ስትለምኑ ሁለት ዓመት ሰማኋችሁ። ማረሻ የለመነ ግን አልሰማሁም» አላቸው።

ዝም ተባለ። እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ጌታ በባሕሩ ዳር ታንኳ ላይ ተቀምጦ የዘሪውን ምሳሌ ሲናገር አራቱን መሬት ለየ፣ የዘሩንም ትርጉም ለደቀ መዛሙርቱ ፈታ፤ ስለ ማረስ ግን አላነሣም። የሚያዳምጡት እርሻን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩና ሳይነገራቸው ይገባቸው ይሆናል። ደግሞም ሆሴዕና ኤርምያስ ጦም ያደረውን መሬት ስለ ማረስ ለዚያው ሕዝብ ከብዙ ዘመን በፊት ተናግረው ነበር። እኛ ከምሳሌው የምንወደው ግን ፍሬው ሠላሳ፣ ስድሳና መቶ መሆኑን ነው።

ወደ ተረታችን። የበልግ ካፊያ ጣል ሲያደርግ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወጣ። ማሳዎቹ ያን ጊዜ እንዴት ያለ መንፈሳዊነት መጣባቸው! «ዛሬ እኮ 12 ነው፣ ሚካኤል ነው» ይላል አንዱ። በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑዱ ሲጨመር ማረሻ የሚገባበት ቀን ጠፋ። በዓል ማክበር ክፉ ነው አልልም። በዓሉን እንደ ጋሻ የሚይዘውን ማሳ ግን ገበሬው ያውቀዋል።

በመጨረሻ አያ ሰርዶ እሺ አለ፤ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው። «አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በደንብ እታረሳለሁ።» መንደሩ ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ። ማረሻው ሲያልፍ አፈሩ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ጠረኑ እስከ ሰፈር ደረሰ። ገበሬው ግን ልጆቹን ጠርቶ «ተከተሉኝና ሥሩን ልቀሙ» ሲል አያ ሰርዶ ተቆጣ። «ነውሬን ልጅ ፊት ልትዘረግፉት ነው? መታረሴ አይበቃም?» አለ። ልጆቹ ተመለሱ።

ማረሻ ደግሞ ሰርዶን አይገድለውም፣ ይቆራርጠዋል እንጂ። ጉጥ ያለው ቁራጭ ሁሉ እርጥበት ካገኘ ለብቻው ሥር ይሰዳል፤ በአንድ ቦታ ተጠቅልሎ የነበረው ማሳውን ሙሉ ይዘራበታል። ጥቂት ሳምንት አልፎ መሬቱ ከበፊቱ ይልቅ በሰርዶ ሲጠቀለል፣ አያ ሰርዶ «ታረስኩ፣ ባሰብኝ፤ ከእንግዲህ ማረሻ የሚባል አታሳዩኝ» እያለ ለመጣ ለሄደው ይናገር ጀመር። ከንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ «ሰው ነኝና በድያለሁ» ብሎ በጥቅሉ ተናግሮ የሚነሣው ሰው ይህን ማሳ ይመስለኛል። የትኛውን በደል? በማን ላይ? ስንት ብር? ሥሩ እዚያ ነው ያለው።

ከሸንጎው ጠርዝ ወንበር ያልደረሰው አንድ ማሳ ነበር፤ ብዙ ዓመት ጦም ያደረ። ስም እንኳ አልወጣለትም። እርሱ «ጌታዬ፣ እንደ ወደድህ» አለና ዝም አለ።

ገበሬው በሁዳዴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ገመሰው። የእኛ አገር ማረሻ አፈር አይገለብጥም፣ ይሰነጥቃል፤ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ ይቀራል። ስለዚህ ተመልሶ መጣ።

«ባለፈው አርሰኸኝ የለም እንዴ?» አለ ማሳው።

«ያ በቁመትህ ነው። ይኸኛው በወርድህ ነው።»

ልጆቹ እየተከተሉ ሥሩን ለቀሙ፣ አራገፉ፣ ከምረው አቃጠሉ። የተሰበረ ገንቦ ወጣ፣ አጥንት ወጣ፣ ማሳው ራሱ የረሳው ድንጋይ ወጣ። አፍሮ ነበር፤ ልጆቹ ግን ድንጋዩን ለአጥር ተሸክመውት ሄዱ፣ የሳቀበትም አልነበረም። 55ቱ ቀን አለቀና ፋሲካ ሆነ። መንደሩ ጾሙን ሲፈታ ማሳውም የተፈታ መስሎት ነበር። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ማረሻው ተመልሶ መጣ፤ ሠለሰው። ሰኔ ያበቀለውን አረም ደግሞ እንደገና አረሰው።

ሐምሌ ላይ፣ አፈሩ ልሞ ልሞ ሳለ፣ ገበሬው የጎረቤቱን ከብት ሳይቀር ለምኖ ነዳና በማሳው ላይ ለቀቀበት። ማሳው ያን ጊዜ አለቀሰ። «ይህን ሁሉ የለሰለስኩት ለመረገጥ ነው? ከአያ መንገድ በምን ተለየሁ?»

የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም የሚሞላው ወደ 3,000 የሚጠጋ ፍሬ ነው። ጓል መካከል ከወደቀ ሰምጦ ይቀራል፤ መሬቱ ረግቶ መቀበል አለበት። ቡሬ ይህን በግራም አያውቀውም፣ በኮቴው ነው የሚያውቀው። እየረገጠ መለሰለት። «አያ መንገድን የሚረግጡት ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ነው። እኛ የመጣነው ወደ አንተ ነው» አለው።

በኅዳር ማሳው በዛላው ክብደት ተኛ። ሸንጎው «ለእርሱ የተለየ ዘር ተሰጥቶታል» ብሎ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ እያጣራ ነው።

አያ መንገድ ግን በሌሊት፣ መንገደኛ በሌለበት ሰዓት፣ ገበሬውን ጠራው። «እኔንም እረሰኝ» አለው።

ወሬው ሲሰማ መንደሩ ታመሰ። ሽማግሌዎች ተነሡ። «ምን ጎደለው? ማንንም ከልክሎ የማያውቅ ደግ ነው እኮ!» አሉ። ነጋዴው «ገበያ በየት ልሂድ?» አለ። አንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታቦቱስ በየት ሊወርድ ነው?» አለ፤ ይህኛው ክርክር ብዙ ሰው አሳመነ። እርሱን እንደ መንገድ የወደዱት ሁሉ ማሳ እንዲሆን አልፈለጉም።

ገበሬው ሁለቱን ጫፍ በእሾህ አጠረ። የማረሻው ጫፍ መጀመሪያ ቀን ተቆለመመ፤ ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ አስደበደበው። ሁለተኛ ቀን ደግሞ ተቆለመመ፤ ደግሞ ወሰደው። የተገኘው ትልም እጅ የማያስቀብር ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ገበሬው ገና ከቀጥቃጩ ሳይመለስ፣ ያ ነጋዴ ጨው የጫነች አህያውን እየነዳ መጣና እሾሁን በዱላው ይገፋ ጀመር። አያ መንገድ ለመንገደኛ ዕድሜውን ሁሉ «እለፍ» ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም። አሁን ግን «በወንዙ በኩል ዙር፣ ወንድሜ» አለው።

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መንገድ የሚናገረው!» ብሎ ነጋዴው ዱላውን አነሣ። አህያዋ ግን ዞራ በወንዙ በኩል ጉዞ ጀምራ ነበር፤ እየተሳደበ ተከተላት።