ጉብኝቱ ቡናን ይጨምራል

የባህል ጉብኝት ነው አሉ፤ መጀመሪያ ወሎ፣ ቀጥሎ ይርጋጨፌ። ደላንታ ላይ ቆፋሪው ገደሉን በመዶሻና በመሮ ፈልፍሎ ያወጣውን ኦፓል እንግዳው ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። አረንጓዴው ቀይ፣ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። ድንጋዩ ሲያብረቀርቅ «የተፈጥሮ ጸጋ!» ይላል፤ ዋጋ ሲጠራለት ግን «ያው ድንጋይ አይደል?» ብሎ ክርክር ይጀምራል።

ይርጋጨፌ ሲደርስ ደግሞ ከእሸት ቡናው ጋር ፎቶ ይነሳል። የታጠበው ቡና ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተንጣሎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ለቃሚዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው እንከኑን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። በዚህ አገር አልጋ የሚደርሰው ለቡናው ነው። ምርጡ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ለባለአገሩ የሚተርፈው ተመላሹ ነው። አስጎብኚው ግን «ቡና የኛ ሀብት!» ማለቱን አይረሳም።

ውድ ጎብኚ፣ አድናቆትዎ ደርሶናል፤ ሒሳቡ ግን ገና ነው።