ራይት፣ ራይት፣ ራይት

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። አውሮራ ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስገዛ ከረጢቱን ፈትቼ አሸትታለሁ፤ እንጀራውን ዐይኑን አይቼ፣ ጠርዙን ዳስሼ፣ የመቼ እንደሆነ ደጋግሜ ጠይቄ ነው የማነሣው። ጥሬ ሥጋ ሳዝ ቆራጩ ራስ ላይ ካልቆምኩ አይዋጥልኝም። ከራሴ በላይ በቶን የሚቆጠር ብረት የሚያንጠለጥለውን ክሬን ግን እንደ ንስሐ አባቴ አምነዋለሁ።

የምሠራው ከዴንቨር ወጣ ብሎ ባለ የብረት መጋዘን ነው። ክሬኑ ጣሪያው ሥር በሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ እኔ መሬት ቆሜ በእጄ በያዝኩት መቆጣጠሪያ አዘዋለሁ። ለእናቴ የላክሁላት ፎቶ ግን ሌላ ነው፦ ዳውንታውን ዴንቨር፣ ዩኒየን ስቴሽን አካባቢ፣ ከፎቆቹ በላይ የተገተረ የግንባታ ክሬን። «እዚያ ላይ ነው እንዴ የምትወጣው ልጄ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል እማዬ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ስለ መውጣት ምን ተናገርኩ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ሄልሜቱን ደፍቼ ፎቶ መነሣቱን አስቀደምኩ።

መማርማ ዕድሉ ነበረኝ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጥ ያዛል። «አስተርጓሚ ይምጣልህ?» ሲሉኝ ግን የኮልፋክስ ጎዳና ሐበሻ ሁሉ የሚሰማኝ ይመስል «ኖ፣ ኖ፣ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው» አልኩ። ሥልጠናውን ራሴን እየነቀነቅሁ ጨረስኩት።

ደንቡ የገባኝ በኋላ፣ ቤቴ ተደብቄ በስልኬ እያስተረጎምኩ ሳነበው ነው። ኦፕሬተር ሺፍቱን ሲጀምር፣ ጭነት ሳያንጠለጥል፣ መንጠቆውን በቀስታ ወደ ላይ ስቦ ሊሚት ስዊቹ በራሱ እንደሚያቆመው ማየት አለበት። ካላቆመው መንጠቆው ከላይ ካለው ከበሮ ጋር ይላተማል፤ የሽቦ ገመዱ ሊበጠስና የተንጠለጠለው ሁሉ ታች ባለው ሰው ላይ ሊወርድ ይችላል። መንጠቆውም በየቀኑ በዐይን ይታያል። አፉ ከመጀመሪያ ስፋቱ ከ15 በመቶ በላይ ከተከፈተ ወይም ከ10 ዲግሪ በላይ ከተጠማዘዘ ይጣላል። ጭነቱ የሚታሰርበት ሰንሰለትም ተበልቶ፣ ተጣምሞ ወይም ተስቦ ረዝሞ እንደሆነ ይታያል። ወደ ክሬኑ አቅም የሚጠጋ ከባድ ጭነት ሲነሣ ደግሞ በመጀመሪያ ጥቂት ኢንች ብቻ ከፍ አድርጎ ፍሬኑ መያዙን ማረጋገጥ ነው።

ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እኔ ግን ቼክሊስቱን ቡናዬን እየጠጣሁ፣ አንዳንዴም ገና መኪናዬ ውስጥ ሳለሁ እሞላው ነበር። መንጠቆ ራይት፣ ሰንሰለት ራይት፣ ፍሬን ራይት። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ፊርማዬማ ለሚኒስትር ይበቃል።

ስንፍና ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ከሥሩ ይሉኝታ አለ። ብልሽት ካገኘሁ ክሬኑን ማስቆም አለብኝ፤ ካስቆምኩ ሰው ሁሉ ሥራ ይፈታል፤ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «ምን ሆነ?» ይለኛል፤ ያን ጊዜ ያ ጥሩ እንግሊዝኛዬ ይፈለጋል። ስለዚህ ላለመናገር ላለማግኘት፣ ላለማግኘትም ላለማየት ወሰንኩ።

በቅርቡ አንዲት የጎንደር ልጅ ተቀጠረችና እንዳለማምዳት ተሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ የመንጠቆው መዝጊያ ለምንድን ነው የማትመለሰው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ሞላዋ ተሰብራለች። ጠዋት ራይት ያደረግሁበት ወረቀት ብብቴ ሥር ነው።

«እሷ እንደዛው ናት» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ይሉኝታ ሳይዛት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «ስቶፕ! ኖ ጉድ!» ብላ ጮኸችና «አትጠቀሙ» የሚለውን ቀይ ካርድ አንጠለጠለችበት። ሥራው ቆመ። እኔ ስፈራው የኖርኩት ቁጣ ግን አልመጣም። ሱፐርቫይዘሩ መንጠቆውን አየና እጇን ጨብጦ አመሰገናት። አጠገቧ ስለነበርኩ የእኔንም ጨበጠ፤ «ያሠለጠንካት አንተ ነህ፤ በጣም አመሰግናለሁ» አለኝ።

«ዩ አር ዌልካም» አልኩት፤ አንዲት የሰዋስው ስሕተት ሳልሠራ።