ሳንሰማ የምንገዛው ሄድፎን

በቦሌም ሆነ በመገናኛ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ ሄድፎን የጠየቀ ሙዚቃ ሠሪ የሚገጥመውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻጩ ሳጥኑን ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ «ኦርጅናል ነው» ይላል። እስቲ ልስማው ሲሉት «አንዴ ከተከፈተ ማን ይገዛኛል፣ ወንድሜ?» ይላል። በእሱ አልፈርድም። ኮፒ በበዛበት ገበያ ገዢው የሚያምነው ያልተቀደደውን ላስቲክ ብቻ ነው። ግን እኛ በጆሮ መመረጥ ያለበትን ዕቃ በዓይን መርጠን፣ ከፍለን፣ ቤት ገብተን ነው የምንሰማው። ካልሆነልንም መልሶ የሚቀበለን የለም።

ለሌላው ሰው ሄድፎን መዝናኛ ነው። ሰሚት ወይም ጎሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ኤፍኤል ስቱዲዮ ከፍቶ ለሚያቀናብር ልጅ ግን ስቱዲዮው ራሱ እሱ ነው። ስፒከር አይከፍት ነገር፣ ከብሎኬቱ ማዶ የጎረቤት ሕፃን ተኝቷል። ቢከፍትም የጠባብ ክፍል ግድግዳ ቤዙን አንዱ ጥግ ላይ ያገንነዋል፣ ሌላው ጋ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከበሮው ምን ያህል ይውጣ፣ ክራሩ የት ይቀመጥ የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ጆሮው ላይ በደፋው ዕቃ ነው።

ያ ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤዙ ተጋኖ የተሠራ ነው፤ ገበያውን የሞላው እሱ ነውና። ለዳንስ ደስ ይላል። ለሥራ ግን ቤዙ በዝቶ ስለሚሰማው ልጁ ይቀንሰዋል፣ አሁንም ይቀንሰዋል፤ ዘፈኑ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት አጥንቱ ብቻ ይቀራል። የመሃሉ ድምፅ ችግር ከዚህም ይብሳል። የሰው ጆሮ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ከሌላው ሁሉ አጥብቆ ይሰማል፤ የማሲንቆው ስለትና የዘፋኙ ቃል ጥራትም በአብዛኛው እዚያው ሰፈር ነው። ቤዙንና ቀጭኑን አጋኖ መሃሉን ወደ ኋላ የሚያስቀር ሄድፎን ያደረገ አቀናባሪ ማሲንቆው አልሰማ እያለው ይጨምራል። በማግስቱ ጓደኛው በስልኩ ሲከፍተው ጆሮ ይበሳል። ልጁ ጆሮው የማይረባ ይመስለዋል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ራሱን እየጠረጠረ እንደተወው ሳስብ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላማረርኩ። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአዝማሪውን ድምፅና የባህል መሣሪያውን ከኮምፒውተር ምት ጋር አዋህደው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የተባለውን መንገድ ከፍተዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 በኒውዮርክ አሳታሚ በኩል ለዓለም ወጥቷል። የሮፍናን «ነጸብራቅ» አልበም በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የጥቂቶች ብቻ አለመሆኑን አገር አየ። ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤቱ ውስጥ የማይሞክር ልጅ ያለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ፍላጎቱም ችሎታውም አለ።

ምክር የጠየቀ ልጅ ከውጭ ባለሙያዎች የሚያገኘው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ለሚክሲንግ ጀርባው ክፍት የሆነውን ግዛ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ስሙ ያልጠፋውን ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ይጠሩለታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ክፍቱ ድምፁን አያፍንም፣ ቤዙም ጆሮ ላይ አይጠራቀምም። ግን ጸጥ ያለ ክፍል ላለው ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ክፍት ጀርባ የውስጡን እንደሚያወጣ ሁሉ የውጩንም ያስገባል። እኛ ጋ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን አለ፣ መብራት ሲሄድ የሚነሣው ጄኔሬተር አለ፣ ፎቅ ለመጨመር የሚቦካው ኮንክሪት አለ፣ ከታች «ልዋጭ» የሚለው አለ። በዚህ መሃል የሪቨርቡ ጭራ የት እንዳለቀ የሚሰማ ማን ነው?

ስለዚህ ዝጉን እንገዛለን፤ ቤይርዳይናሚክ ዲቲ 770፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ፣ ሶኒ ኤምዲአር 7506። እሱም ቢሆን የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ ጉርምርምታውን ለመሸፈን ድምፅ እንጨምራለን። ጆሮ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይችላል ይባላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ 94 ላይ ሲደርስ የሚተርፈው 1 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ በከፍተኛ ድምፅ የሚያቀናብር የሃያ ዓመት ልጅ አርባ ሲሞላው በምን ይሰማል? ሌሊት እንሠራለን እንላለን፣ ሌሊት ደግሞ መብራቱ አይታመንም።

የኦሙ፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ጣጣም አለ። ዲቲ 770 በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቶ ይሸጣል፤ በመልክ ግን ይመሳሰላሉ። ከአሜሪካ ለምትመጣ አክስት ስሙ ብቻ ይነገራታል፣ እሷም ደክማ፣ ከሻንጣዋ ኪሎ ቀንሳ 250ውን ታመጣለች። ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። በደንብ የሚነዳው ሳውንድ ካርድ ወይም ማጉያ ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ወጪ ነው። ሱቅ ውስጥስ ስለ ኦም ብትጠይቁ ማን ይመልስላችኋል? «ብሉቱዝ አለው» ይሏችኋል። ብሉቱዝ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድምፁ አንዳንዴ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚዘገይ ኪቦርዱን ስትመቱ ምቱ አልፎ ነው የሚሰማው።

ዋጋው ደግሞ ስህተትን የሚችል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። የ150 ዶላር ሄድፎን ከ8,550 ብር ወደ 18,000 ብር ወጣ ማለት ነው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይደመር። ገና ከሙዚቃ አምስት ሳንቲም ላላገኘ ልጅ ይህ የወራት ቁጠባ ነው። በዚያ ላይ የጆሮው ስፖንጅ በላብ ተልጦ ሲረግፍ መቀየሪያ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «ሙሉውን ግዛ» ይባላል። ስፖንጁ ሲሳሳ ድምፁም እንደሚለወጥ፣ ቤዙ እንደሚያፈስ የሚነግረው የለም።

ነጋዴዎቹን የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ከፍተው፣ ገመዱን ሰክተው፣ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩልን። የተከፈተው ኪሳራ እንዳይሆንባቸው ለመስሚያ ያስከፍሉን፤ 18,000 ብር ከመጣል 200 ብር ከፍሎ መስማት ይሻለናል። የራሳችንን ሥራ በፍላሽ ይዘን እንመጣለን፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያስቀምጡን።